ብረት የሚዞርበት ቤት

የአባቴ ሱቅ ወርዱ ሦስት ሜትር ከሠላሳ፣ ርዝመቱ አራት ሜትር ከአሥር ነው። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። በጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከቡዳ በር ብዙም ሳይርቅ፣ አህያ ከነጭነቷ ስታልፍ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ በሚጠብቅበት ጠባብ መንገድ ላይ ይገኛል። አያቴ እዚያ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ ኖረ። አባቴ አብዱልፈታ እዚያው ቦታ ላይ የብየዳ ማሽን አስገብቶ በርና መስኮት ይሠራል። አያቴን ሰዎች «ቀጥቃጩ» ይሉት ነበር፤ ሲሉትም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አባቴን «ባለብየዳው» ይሉታል። ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም፤ ከፍም አያደርጉም።

ባለፈው ዓመት ደብዳቤ መጣ። የብየዳና የብረት መቁረጥ ሥራ ከአሮጌው ከተማ እንዲወጣ፣ ለተደራጁ ባለሙያዎችም በሐኪም ጋራ ግርጌ ቦታ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ነው። አባቴ ሠላሳ አምስት ዓመት አብሮት ከሠራው ከጋሼ ዘላለም ጋር ተደራጀ። አሥር ሜትር በሃያ ሜትር ቦታ ደረሳቸው። አንድ ግዴታ ነበረው፦ በሠላሳ ቀን ውስጥ ኢንጂነር የፈረመበት የሕንፃ ፕላን ካላስገቡ ቦታው በዝርዝሩ ላይ ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል።

«ታዲያ ፕላኑን ማን ይሥራልን?» አለ ጋሼ ዘላለም፣ ደብዳቤው ተነቦ ባለቀ ዕለት።

«ናፊያ ትሠራዋለች» አለ አባቴ፣ ብረት ከሚያስርበት ሞርሳ ላይ ቀና ሳይል።

«የትኛዋ ናፊያ?»

«ስንት ናፊያ ታውቃለህ?»

«አንድ አውቃለሁ። የማውቃት ግን ትናንት እዚህ ደጃፍ ላይ በብየዳ ኤሌክትሮድ ቁራጭ ድመት ትሥል የነበረችውን ነው።»

«ድመቷስ ድመት አልነበረችም?»

«እኔ ውሻ መስላኝ አጥንት ልጥልላት ነበር።»

ናፊያ እኔ ነኝ። ከቴክኒክ ኮሌጅ በንድፍ ሥራ ተመርቄያለሁ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሁለቱንም ዓመት አዲሱ ከተማ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሌሎችን ሰዎች ወረቀት ሳባዛ ነበር። አንድም ሰው፣ ሽንት ቤት እንኳን ቢሆን፣ ፕላን ሥሪልኝ ብሎኝ አያውቅም።

«እሺ» አልኩ።

«ምን አለች?» አለ ጋሼ ዘላለም።

«እሺ ብላለች» አለ አባቴ። «ያንተን ጆሮ የግራይንደሩ ጩኸት ጨርሶታል።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ስለካ ሰነበትኩ። ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ እስከ መግሪብ። ሱቁ ውስጥ ሳልለካ የተውኩት ነገር የለም። ሞርሳው ከተተከለበት ጠረጴዛ እስከ ብየዳ ማሽኑ ያለውን ርቀት ለካሁ። አባቴ እጁን ሲዘረጋ እስከ የት እንደሚደርስ ለካሁ። ጋሼ ዘላለም ግራኝ ስለሆነ ጠረጴዛው ለምን በግራ በኩል እንደተቀመጠ ጻፍኩ። ጣሪያው ላይ ጭሱ ያጠቆረውን ክብ በዓይኔ ለካሁና የጭስ መውጫው ምን ያህል መሆን እንዳለበት አሰላሁ። አንድ ጠዋት በርጩማ ላይ ተቀምጬ አባቴ ኤሌክትሮድ ሊያመጣ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ስለዚህ በፕላኑ ላይ ዕቃ ቤቱን ከብየዳው ክፍል ጎን አደረግሁት።

የሠራሁት ፕላን ስምንት ሜትር በአሥራ አምስት ሜትር የሆነ የብሎኬት ሕንፃ ነበር። መሐል ለመሐል የሚሄድ አንድ ግድግዳ፣ በግራ ሦስት ክፍል፣ በቀኝ ሦስት ክፍል። መቁረጫ፣ ማጠፊያ፣ ብየዳ፣ ቀለም፣ ዕቃ ቤት፣ ቢሮ። እያንዳንዱ ክፍል አራት ሜትር በአምስት ሜትር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሁሉን ነገር አንድ ላይ ደራርቦ ስለኖረ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ በር ያለው ክፍል ልሰጠው ፈለግሁ። የክፍሎቹን ስም የጻፍኩት ትንፋሼን ይዤ ነው።

አባቴ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት እጁን ሁለት ጊዜ በኦሞ ታጠበ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ ቆየበት።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ በጣቱ እያሳየ።

«በር ነው።»

«ይኼስ? እንደ ሩብ ጨረቃ የሆነው?»

«በሩ ሲከፈት የሚሄድበት መንገድ ነው።»

ዕድሜውን ሙሉ በር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ በር በወረቀት ላይ ተሥሎ ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነበር። «ማሻአላህ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ደግሞ ጮክ ብሎ፣ «ዘላለም! ና እስቲ፣ ና፣ በር እንዴት እንደሚከፈት እይ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕላኑ ቤት ውስጥ አልዋለም ማለት ይቻላል። አባቴ በፕላስቲክ ቱቦ ጠቅልሎ ይዞት ይዞራል። መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወርዶ፣ ሰፊዎቹን ስፌታቸውን አስቁሞ፣ ስፌት መኪና ላይ ዘረጋው። ከመዘርጋቱ በፊት «መጀመሪያ ማሻአላህ በሉ» ይላል። እኔ ከኋላው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። የኢንጂነሯ ፊርማ እንኳን የተገኘው አባቴ ጉብኝቱን እስኪጨርስ ተጠብቆ ነው። ኢንጂነር ዕፀገነት አዲሱ ከተማ ቢሮ ያላት፣ ቁጥብ ሴት ናት። መሠረቱንና ጣሪያውን አስልታ ስታበቃ፣ «ሕንፃው ይቆማል። ሥራውን ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ» ብላ ፈረመች።

ማስገቢያው ቀን ዓርብ ነበር። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ቅጂ ይዤ ወደ ሱቁ መጣሁ።

አባቴና ጋሼ ዘላለም ሶፊ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ትልቅ በር እየሠሩ ነበር። ለፍሬሙ የሚሆነው ቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ረጅም ብረት፣ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ብረት ከፋብሪካ የሚመጣው በስድስት ሜትር ስለሆነ ሱቁ ውስጥ አይገባም፤ ረጅም ብረት ሁልጊዜ የሚሠራው መንገድ ላይ ነው። አንደኛው ጫፍ ተበይዶ አልቆ ነበር። ሌላውን ጫፍ ወደ ማሽኑ ለማምጣት ብረቱ መዞር ነበረበት።

«ባለ ስድስቱ ይዞራል!» ብሎ ጮኸ ጋሼ ዘላለም።

ይህን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ የሚመጣ ይቆማል፣ ከታች የሚመጣ ይቆማል። አንዲት ጫት የተሸከመች ሴት ሸክሟን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጠበቀች። ከሱቁ ፊት ለፊት የእማማ ነጂባ ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መንገዱ ስድስት ሜትር ብረት የሚያዞር ስፋት የለውም፤ ስለዚህ የብረቱ ጭራ እማማ ነጂባ ግቢ ይገባል። አያቴና የእማማ ነጂባ አባት የተስማሙት ነው ይባላል። ቀን ቀን በሩ አይዘጋም፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ መውሊድ ከመድረሱ በፊት በሩን አረንጓዴ እንቀባዋለን።

«ቢስሚላህ» አለ አባቴ።

«በስመ ሥላሴ» አለ ጋሼ ዘላለም።

እነዚህን ሁለት ቃላት ሳይሉ ብረት አንሥተው አያውቁም። ጋሼ ዘላለም የያዘውን ጫፍ እየጎተተ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ግቢው ውስጥ ገባ። ዞሮ አላየም። እግሩ መንገዱን ያውቀዋል።

«አብዱልፈታ!» አሉ እማማ ነጂባ ከውስጥ። «ዛሬም ሮማኔን ልትመቱብኝ ነው?»

«ሮማኑ ነው እንጂ የሚመታን፣ እትዬ ነጂባ! በየዓመቱ ወደኛ ይጠጋል።»

«ይጠጋ! ቤቱ ነው። ግድ የለም፣ ልትሄዱልኝ ነው። በሬን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ እንደ ሰው ቀን እተኛለሁ።» ብቅ አሉ፤ ቅጠል የያዘ ሰፌዳቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። «ሐኪም ጋራ ግን የማን ግቢ ልትገቡ ነው? እንደኔ ያለች ሞኝ ጎረቤት አብራችሁ አሠርታችኋል?»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የማን ግቢ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ቱቦውን ከፍቼ ፕላኑን አወጣሁና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ዘረጋሁት። ወረቀቱ ላይ የእማማ ነጂባን ግቢ የሚተካ ቦታ ፈለግሁ። መንገዱን ፈለግሁ። መሬት ላይ ከወደቁት የኤሌክትሮድ ቁራጮች አንዱን አንሥቼ፣ በማስመሪያዬ ለክቼ፣ ስድስት ሳንቲም ላይ ሰበርኩት። በእኔ ፕላን ላይ አንድ ሳንቲም አንድ ሜትር ነው። ቁራጩን በዋናው በር አስገባሁት። መቁረጫ ክፍል ገባ፤ ክፍሉ አምስት ሜትር ስለሆነ ጭራው ከበሩ ውጭ ቀረ። ከዚያ ወደ ማጠፊያው ላሳልፈው ሞከርኩ። ጫፉ ግድግዳውን ነካ። ወደ ግራ አዞርኩት፤ ነካ። አቃንቼ ሞከርኩት፤ ነካ። ከገባበት ክፍል መውጣት የሚችለው በገባበት በር፣ በገባበት አኳኋን ብቻ ነበር።

ሱቁን ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። ሱቁ ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያ ብረት እዚያ ግቢ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ ስላደግሁ፣ እንደ አየር ቆጥሬው ኖሯል።

አባቴ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። «ምነው ናፊዬ? መሬት ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አባ፣ አይዞርም።»

«ምኑ?»

«ባለ ስድስቱ። እኔ በሠራሁት ቤት ውስጥ አይዞርም።»

ቁራጯን ሰጠሁት። ተንበረከከ። በዚያ ወፍራም ጣቱ ቁራጯን ከክፍል ወደ ክፍል ሊያሳልፍ ሞከረ። ጋሼ ዘላለምም መጥቶ ተንበረከከ፣ «ቆይ፣ እኔ ልያዘው» ብሎ ተቀበለው፤ በግራ እጁ ሞከረ። ብዙ ጊዜ ፈጀ።

«ካልታጠፈ አይሆንም» አለ በመጨረሻ።

አባቴ መንገዱን አየ። የእማማ ነጂባን በር አየ። ከዚያ ጋሼ ዘላለምን አየ።

«አንተ ሰውዬ» አለው። «ሠላሳ አምስት ዓመት በዚህ በር ወደ ኋላህ ስትገባ ኖረህ፣ ፕላኑን ስታይ ትዝ አላለህም?»

«አንተስ?»

«እኔማ ለሰው ሳሳይ ነበር።»

«እኔም አንተ ስታሳይ ሳይ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ጋሼ ዘላለም ነው። አባቴም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልብስ ሰፊዎቹን፣ ማሻአላህ ያሉትን ሰዎች ሁሉ እያሰብኩ ነበር። ማስገቢያው ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ጋሼ ዘላለም ፊቴን አይቶ ሳቁን ተወ። «ምንም አይደለም» አለኝ። «ተፈርሞበታል አይደል? እናስገባው። ፈቃዱ ይውጣና ቦታው በእጃችን ይሁን። ከዚያ ግድግዳውን እኛ ራሳችን እናነሣዋለን። ማን ያያል?»

ነገሩ ልክ ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። አባቴም ቦታውን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አያቴ ድምፅ ተቀንሶ የተጠራበትን ሙያ፣ በራሱ ሕንፃ፣ በፊት ለፊት ስሙ ተጽፎ ሊያየው ሦስት ቀን የቀረው ሰው ነው።

«አይሆንም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ጫት የያዘችው ሴት ሳትቀር ዞር አለች። «ታች ጥግ ላይ ስሜ አለ። አባ የማይሠራበትን ቤት ሠርቼ ስሜን አልጽፍበትም። የመሐሉ ግድግዳ ጣሪያውን ተሸክሟል፤ ዝም ተብሎ አይነሣም። እንደገና እሠራዋለሁ።»

«በሦስት ቀን?» አለ ጋሼ ዘላለም።

«በሦስት ቀን።»

አባቴ ከተንበረከከበት ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። «ሰማህ አይደል አሁን?» አለው ዘላለምን። «ወይስ ይኼም አልተሰማህም?»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ። ሰዎቹ ግን ነገ ሲጠይቁህ ምን ልትላቸው ነው?»

«ስህተቱን ኢንጂነሯ አላገኘችውም፣ እኔ አላገኘሁትም፣ አንተ አላገኘኸውም። ልጄ አገኘችው እላቸዋለኋ።»

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። አባቴ አንድ ያልተቆረጠ ቱቦላሬ አወጣ። መኪና ልንጠራ ስንል፣ «እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በሸክም ነው። እዚያ ከደረስን ደግሞ ሐኪም ጋራ ምን ያህል ነው?» አለ። አባቴ ከፊት፣ ጋሼ ዘላለም ከኋላ፣ እኔ መሐል ላይ ኖራ የሞላ ፌስታል ይዤ፣ በቡዳ በር ወጣን። በመታጠፊያው ሁሉ ባጃጆች እየቆሙ አሳለፉን።

«አባባ፣ የስልክ እንጨት ልትተክሉ ነው?» አለ አንድ ባለባጃጅ።

«ከተማውን ልንለካ ነው!» አለ ጋሼ ዘላለም ሳይቆም። «ያንተን ሰፈር ነገ እንደርስበታለን።»

ቦታው ላይ ሣርና ጠጠር ብቻ ነበር። ከታች ግንቡና ነጫጭ ቤቶቹ ይታያሉ። በገመድና በችንካር የስምንት ሜትሩን ወርድ ዘረጋሁ። ከዚያ አባቴና ጋሼ ዘላለም ብረቱን መሐል ላይ አምጥተው እንዲቆሙ ነገርኳቸው።

«አሁን አዙሩት» አልኩ። «እንደ ሁልጊዜው። ግን ግቢ የለም።»

«ቢስሚላህ።»

«በስመ ሥላሴ።»

ዞሩ። መጀመሪያ አልሆነላቸውም። ጋሼ ዘላለም በልማድ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደና ከገመዱ ወጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያዞሩት በአንድ ወገን እየገፉ ነው፤ በገዛ ቦታቸው መሐል ላይ ቆመው አዙረው አያውቁም። «ወዴት ነው? ወደ ነጂባ ግቢ ልትሄድ ነው?» አለ አባቴ። በሁለተኛው ተሳካ። እኔ ከጋሼ ዘላለም ጀርባ እየተከተልኩ ተረከዙ ባረፈበት ሁሉ ኖራ አፈሰስኩ። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞሩ ኖራው መሬት ላይ ገጠመ። ነጭ ክብ ሆነ።

ሜትሩን ዘረጋሁ። ብረቱ ስድስት፣ የሁለቱ ሰዎች አካል በሁለቱም ጫፍ ስልሳ ስልሳ ሳንቲም። ሰባት ሜትር ከሃያ። ሕንፃው ከግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ ውስጡ ሰባት ሜትር ከስልሳ ነው። ሁለቴ ለካሁ።

«ስንት ተረፈ?» አለ አባቴ፣ እያለከለከ።

«በዚህ ሃያ ሳንቲም። በዚያም ሃያ ሳንቲም።»

«ከበቂ በላይ ነው። የእትዬ ነጂባ ሮማን አምስትም አይተውልንም።»

«ግን መሐል ላይ ግድግዳ አይኖርም። ምሰሶም መግባት አይችልም፣ ክቡ ላይ ያርፋል። ስምንት ሜትር ጣሪያ በአየር ላይ መቆም አለበት። ኢንጂነሯ እንቢ ልትል ትችላለች።»

አባቴ ክቡ መሐል ቆሞ ወደ ላይ፣ ጣሪያ ወደሌለበት ሰማይ አየ። ሶፊ ያለውን የትምህርት ቤት አዳራሽ ጣሪያ የበየደው እሱ ነው። አዲሱ ከተማ ውስጥ የአንድ ቡና መጋዘን ጣሪያም የእሱና የጋሼ ዘላለም እጅ ሥራ ነው። ስምንት ሜትር፣ አሥር ሜትር፣ ያለ ምሰሶ።

«ጣሪያውን ማን ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«እናንተ።»

«ታዲያ» አለና ብረቱን አነሣ። «እስከ ዛሬ ለሰው ነበር የምንሠራው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላና ሐሙስ ጠዋት ፕላኑን እንደገና ሠራሁ። ፊት ለፊት አሥር ሜትር አንድ ወጥ አዳራሽ፤ መቁረጥ፣ ማጠፍና ብየዳ በዙሪያው። ዕቃ ቤቱ፣ ቢሮውና የቀለሙ ክፍል ከኋላ። ኤሌክትሮዱ አሁንም ከብየዳው ጎን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢንጂነር ዕፀገነት ቢሮ ስገባ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ነገ አይደለም እንዴ የምታስገቡት? ፈርሜልሽ የለም?»

የድሮውን ፕላን ዘርግቼ የኤሌክትሮዷን ቁራጭ ላዩ ላይ አደረግሁላት። ሞከረች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን እኔም ማየት ነበረብኝ» አለች። አዲሱን ተቀበለችኝና ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጣሪያውን አሰላች፣ ሁለት ቦታ ላይ ብረቱን አወፈረችው፣ መሠረቱን አሰፋችው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እስክሪብቶዋን አነሣች። ከመፈረሟ በፊት ጣቷን አዳራሹ መሐል ላይ አሳረፈች። በነጠብጣብ መስመር የሠራሁት ክብ ነበር።

«ይህ ግድግዳ አይደለም፣ ወለልም አይደለም። ላጥፋው?»

«አይጥፋ፣ እባክዎ።»

«ያለ ስም ግን አይቀመጥም። ምን ትይዋለሽ?»

እስክሪብቶዬን አወጣሁና በጥንቃቄ ጻፍኩበት።

ዓርብ ጠዋት ከጁምዓ በፊት ሦስታችንም ፕላን በሚቀበለው ቢሮ መስኮት ጋ ቆመን ነበር። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል። ጋሼ ዘላለም ኮት አድርጓል፤ በዚያ ሙቀት። ተቀባዩ ሠራተኛ ገጾቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፣ ፊርማውን አየ፣ ማህተሙን አየ። ከዚያ ቆመ።

«የነጂባ ግቢ» ብሎ አነበበ። «ነጂባ ማን ናት? በቦታው ላይ የሌላ ሰው ይዞታ አለ እንዴ?»

«የለም፣ የለም!» አለ አባቴ። «ይኸውልህ ወንድሜ፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከነጂባ አባት ጋር...» ብሎ ጀመረ። ስለ አያቴ ነገረው፣ ስለ ሮማኑ ነገረው፣ አረንጓዴ ቀለሙንም አልተወም። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። አንድ ሽማግሌ «እህ?» እያሉ ያስደግሙታል። «ይህንን ሁሉ ያሰበችው ልጄ ናት፣ ይችትና!» ብሎ ወደ እኔ ሲያሳይ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አባባ፣ ገብቶኛል» አለ ሠራተኛው። «በአጭሩ ምን ብዬ ልመዝግበው?»

አባቴ እንደገና ከአያቴ ሊጀምር አፉን ከፈተ። በአጭሩ መናገር አይችልም።

«ባለ ስድስት ሜትር ብረት የሚዞርበት ቦታ ነው» አልኩ። «ስፋቱ ሰባት ሜትር ከሃያ። ምንም አይቀመጥበትም።»

ሠራተኛው ጻፈው። ሳያስደግመኝ ጻፈው። ከዚያ ማህተሙን አንሥቶ በሦስቱም ቅጂ ላይ መታ። መታ፣ መታ፣ መታ። ጋሼ ዘላለም በዓይኑ ቆጠራቸው።

«ተቀብለናል» አለ ሠራተኛው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የግንባታ ፈቃዱ ወጣ፤ ያኔም አባቴ አነበበው እንጂ አልተገረመም። እሱ የተደሰተው ያን ዕለት ዓርብ ነው።

ከጁምዓ መልስ አባቴ አንዱን ቅጂ ይዞ ቀጥታ እማማ ነጂባ ግቢ ገባ። በሩ እንደ ሁልጊዜው ወለል ብሎ ነበር። ሮማኑ ሥር፣ ምንጣፋቸው ላይ ዘረጋላቸው። እማማ ነጂባ ማንበብ አይችሉም፤ ክቡን ግን ጣታቸውን ይዤ አዞርኩላቸው።

«ይኼ የእርስዎ ግቢ ነው፣ እማማ። ስምዎ ተጽፎበታል። መንግሥት ማህተም አድርጎበታል።»

«ወላሂ?» አሉ። ጣታቸውን ከክቡ ላይ አላነሡም። «የኔ ግቢ ሐኪም ጋራ ወጣ?»

«ወጣ» አለ አባቴ። «ቤቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ግን እዚሁ ነን፤ በርዎን እንዳይዘጉብን።»

«ስዘጋው አይተኸኝ ታውቃለህ? ዝም በል።» ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። ዙሪያውን ፈለጉ። «ሮማኑ የታለ?»

አባቴና ጋሼ ዘላለም ተያዩ።

«ሮማን የለውም፣ እማማ» አልኩ።

«ግቢዬን ወስዳችሁ ሮማኑን ትታችሁት ትሄዳላችሁ?» ወደ ዛፋቸው ቀና አሉ። «እሺ፣ ቅርንጫፍ እሰጣችኋለሁ። ዛሬ ተቆርጦ ሥር ካበቀለ ቤቱ ሲያልቅ ይደርሳል።»

እርሳሴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከሕንፃው ፊት ለፊት አምስት ሜትር ባዶ ቦታ ነበረኝ፤ መኪና ብረት የሚያወርድበት። ከዋናው በር በስተቀኝ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጌ፣ ትንሽ ክብ ሠራሁ፤ ፕላን ላይ ዛፍ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

«እዚያም ሊመታን ነው» አለ ጋሼ ዘላለም።

«አይመታችሁም» አልኩ። «ለክቼዋለሁ።»